ጡረታ የወጡት ጋሼ እና ጡረታ እምቢ ያለችው ቮልስ

የመንግሥት ሠራተኛ 60 ዓመት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ከመሥሪያ ቤቱ ይወጣል እንጂ መሥሪያ ቤቱ ከእሱ ሲወጣ ግን አላየሁም። አንዳንዱ የእድር ዳኛ ይሆናል። አንዳንዱ ሽምግልና ለሽምግልና ይሯሯጣል። የቀረው አሮጌ ቮልስ ያድሳል።

የሰፈራችን ጋሼ ከእነዚህ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የግዢ ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ቮልሷ የ1967 ሞዴል ናት። «በፈረንጅ!» ይላሉ ቶሎ ብለው፤ በእኛ ከሆነ ደርግ ሥልጣን የያዘበት ዓመት ስለሆነ ለጥንቃቄ ነው። ጓሮ ውስጥ በሸራ ተሸፍና ዶሮ ይሰፍርባት ነበር። እትዬ ናቸው የቀሰቀሷት። ባላቸው ቤት መዋል ከጀመሩ ወዲህ የወጡን ጨው ሳይቀር እየገመገሙ ቢያስቸግሯቸው፣ «እስቲ ያቺን መኪና እያት» አሉ። ምነው አፋቸውን በያዘው!

በማግስቱ ጋሼ ከረባት አስረው፣ ዶሴ ይዘው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረዱ። አራት ካንዴላ ለመግዛት ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ጠየቁ።

«ጋሼ፣ ካንዴላ እኮ ነው!» አለ ባለሱቁ።

«ቢሆንም ማህተም ይኑረው።»

ፕሮፎርማው ተሰብስቦ፣ ተወዳድሮ፣ አሸናፊው እስኪለይ ዋጋው ጨመረ። ልክ እንደ ድሮው መሥሪያ ቤታቸው።

እርግጥ አሮጌ መኪና ማደስ የእብድ ሥራ አይደለም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ ያለችውን አጥቦ መልበስ ነው።

ችግሩ እዚህ አገር ኮፈን የተከፈተ መኪና ካለ ሰው መሰብሰቡ ነው። ቮልስ ያልነበረው አጎት ያለው ሰው ደግሞ የለም። አንዱ መጥቶ «የአጎቴ ቮልስ ጎንደር ደርሳ እስክትመለስ ጠብታ ውሃ አትጠይቅም ነበር» ይላል። በምን አፏ ትጠይቅ? ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። ሰውየው ግን ይህን ሲናገር እንባ ይተናነቀዋል።

የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ጋሼ ወንበሩን ቢያነሱት አሲድና ዝገት ወለሉን ጨርሰውት የጓሮው ሣር ታየ። ሣሩ ላይ እንቁላል። ባትላሜራው ተጠራ። በመፍቻው እጀታ ዙሪያዋን ቆረቆራት። ቂው ሲል ላሜራ ነው፤ ዷ ሲል ስቱኮ። ከፓራፋንጎው እስከ በሩ ዷ፣ ዷ፣ ዷ!

«ጋሼ፣» አለ ቀና ብሎ፣ «ዝገቱን ካነሳንላት ምን ይቀራታል?»

ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ነውና ከሰዓት በኋላ ወርዶ ማታ ሳሎን ገባ። ካርቡራተሩ የእትዬ ሳፋ ውስጥ ቤንዚን ተነከረ። «አንተ ሰውዬ፣ ሹሮዬ ቤንዚን ቤንዚን አለኝ እኮ!» ቢሉ፣ ጋሼ ቅሬታው በጽሑፍ ይቅረብ አሉ። እትዬ ያን ቀን እህታቸው ጋ ሄደው አደሩ።

ክረምቱም ገባ፣ ወጣም። በመጨረሻ ተነሳች፤ ማርሚታዋ ሰፈሩን እያስጮኸ። ለቦሎ ምርመራ ስትሄድ እኔም አብሬ ሄድኩ። ፍሬኗ፣ መብራቷ፣ ሁሉም አለፈ። መርማሪው የመስታወቱን ውሃ እንዲረጩ አዘዘ። ጠብ የሚል የለም። ጋሼ ወርደው የፊቱን ኮፈን ከፈቱና የውሃውን ዕቃ በእጅ ፓምፕ መንፋት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ውሃ ነው እኮ ያልኩት» አለ ልጁ።

«እኔስ ምን እያደረግኩ ነው?»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ሞዴል ውሃውን የሚገፋው የታመቀ አየር ነው። ትንሽ እንደነፉ ውሃው ተፈናጥሮ መስታወቱን ዘለለና የመርማሪውን ሸሚዝ አራሰው። ተራ የሚጠብቁ ሹፌሮች በሳቅ ፈርሰው ተሰበሰቡ። አንዱ ጎልማሳ መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያት፤ ጣሪያዋን ደባበሰ።

«ጋሼ፣ ትሸጣለች? ስንት ይላሉ?»

ጋሼ ፓምፑን አስቀምጠው ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«ፍላጎት ካለህ፣ ልጄ፣ ዋጋህን በሰም በታሸገ ኤንቨሎፕ አስገባ።»