ይድረስ ለክቡር "በመጠነኛ ማሻሻያ ይመለስ"

ጉዳዩ፦ አድናቆት የተቀላቀለበት አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችን ይድረስዎ። ስለ ጤናዎ አንጠይቅም፤ ደኅና መሆንዎን ከምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት በየወሩ የሚወጡት ደብዳቤዎች ይነግሩናል።

ሰው የሚሳተፍበትን ጥናት ከመጀመሩ በፊት የሚፈትሸው ኮሚቴ በውሳኔ ደብዳቤው ላይ ከእርስዎ ጋር የሚያፈራርቃቸውን ወንድሞችዎን እናውቃቸዋለን። "ጸድቋል" የተከበረ ሰው ነው፤ ብዙም ከቤቱ አይወጣም። "ተቀባይነት አላገኘም" ጨካኝ ቢሆንም ቁርጥ ያለ ነው፤ ቁርጡን ያወቀ ተማሪ ርእስ ይቀይራል። "በከፍተኛ ማሻሻያ እንደገና ይቅረብ" እንኳ በስሙ አያታልልም። እርስዎ ግን "መጠነኛ ነኝ" ብለው በፈገግታ ይገባሉ። ተማሪው "አለፈልኝ፣ ትንሽ ነገር ናት የቀረችው" ብሎ ለወዳጅ ዘመድ ያወራል፤ አማካሪውም "በዚህ ሳምንት ጨርሰህ ላክ" ይላል። ከዚያ ሴሚስተሩ ያልቃል፤ እርስዎ አያልቁም።

ላልደረሰባቸው ሰዎች አካሄድዎን እናስረዳ። ፕሮፖዛሉ በአማካሪውና በትምህርት ክፍሉ ከተፈረመበት በኋላ ከማመልከቻው፣ ከመረጃ መስጫ ገጹ፣ ከስምምነት ቅጹ፣ ከመጠይቁ፣ ከሥነ ምግባር ሥልጠና ምስክር ወረቀቱና ጥናቱ ከሚካሄድበት ተቋም የፈቃድ ደብዳቤ ጋር ለኮሚቴው ጸሐፊ ይገባል። ጸሐፊው የሚያየው መሟላቱን ብቻ ነው፤ አንድ ፊርማ ከጎደለ ፋይሉ ገምጋሚ ዘንድ ሳይደርስ ይመለሳል። ጉዳቱ አነስተኛ የሆነ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ገምጋሚ በአጭሩ መንገድ ይታያል። ሕፃናትን፣ ታራሚዎችን ወይም ሕሙማንን የሚነካው፣ አስጨናቂ ነገር የሚጠይቀውም፣ ወደ ሙሉ ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴው በብዙ ኮሌጅ በወር አንዴ ይሰበሰባል፤ ፋይል የሚቀበለውም ከስብሰባው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ስብሰባው ይተላለፋል። እንግዲህ አንድ ቀን የዘገየ ሰው አንድ ወር ይቀጣል ማለት ነው። እርስዎ በአንድ ፋይል ላይ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ የሚሆነውን ሒሳብ ለራስዎ እንተዋለን።

የሚኖሩት በምን እንደሆነ ግን ደርሰንበታል። በትልልቅ የሥነ ምግባር ጥያቄዎች አይደለም። የሚኖሩት ሰነዶቻችን እርስ በርስ ባለመስማማታቸው ነው። የናሙናው መጠን በዘዴው ክፍል 423 ነው፤ በበጀቱ ለ384 ሰው ወረቀት ይባዛል፤ በስምምነት ቅጹ ላይ ደግሞ "ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች ይሳተፋሉ" ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአንድ ቀመር የወጡ ናቸው፦ 95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ፣ 50 በመቶ ግምትና 5 በመቶ የስሕተት ወሰን ሲገቡ 384 ይሰጣል፤ ለማይመልሱት 10 በመቶ ሲጨመር 423 ይሆናል። 400 የድካም ውጤት ነው። ከዚህ የሚብሰው፣ የኮሌጁ ተማሪ በጠቅላላው 1,200 ከሆነ 384ቱ፣ የሚጠናው ሕዝብ አነስተኛ ስለሆነ፣ ታርሞ ወደ 291 መውረዱ ነው፤ 10 በመቶውም ተጨምሮ 321 ይበቃል። ገምጋሚው "423 ለምን?" ሲል "ስታትስቲክስ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጉዳይ አይደለም" ብሎ የሚቆጣ አመልካች ሞልቷል። ጉዳዩ ነው እንጂ። ከሚያስፈልገው በላይ ሰው ማስቸገርም፣ መልስ በማይሰጥ ትንሽ ናሙና የሰው ጊዜ መብላትም በደል ነው። እዚህ ላይ ሳንወድ በግዳችን ከእርስዎ ጋር ነን።

መጠይቁ 94 ጥያቄ ይዞ የመረጃ መስጫ ገጹ "10 ደቂቃ ይወስዳል" ሲልም እንዲሁ። ለአንድ ጥያቄ ከ7 ሰከንድ በታች ነው፤ መጠይቁን ያዘጋጀው ሰው ራሱ አይጨርሰውም። ከቀድሞ ተመራቂ የተቀዳው የስምምነት ቅጽም አለ። ስለ ቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም በሚጠይቅ ጥናት ላይ "ደም በሚወሰድበት ጊዜ መጠነኛ ሕመም ሊሰማዎት ይችላል" የሚል መስመር ሳይሰረዝ ይቀራል። ይህን ሲያዩ እንዴት እንደሚደሰቱ እንገምታለን፤ ቃሉም "መጠነኛ" ነው፣ ዘመድዎ።

ከሁሉ የሚወዱት ግን "የተሳታፊዎች ማንነት አይታወቅም፣ ምስጢራቸውም የተጠበቀ ነው" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ማንነቱ አይታወቅም ማለት ተመራማሪው ራሱ መልሱን ከሰውየው ጋር ማገናኘት አይችልም ማለት ነው። ምስጢሩ ተጠብቋል ማለት ግን ተመራማሪው ያውቃል፣ አይናገርም ማለት ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ድምፁ የተቀዳን ሰው "አይታወቅም" ማለት አይቻልም፤ ለእሱ የሚገባው ስሙን በኮድ መተካት፣ ስምን ከኮድ የሚያገናኘውን ዝርዝር ከመልሶቹ ለይቶ በፓስወርድ መቆለፍ፣ ቅጂውም መቼ እንደሚጠፋ መጻፍ ነው። የኦንላይን መጠይቅ ኢሜይል ወይም አይፒ አድራሻ የሚሰበስብ ከሆነ፣ ያን የሚሰበስበው የመጠይቁ ማስተካከያ ካልተዘጋ በቀር "ስም አንጠይቅም" ማለት ብቻውን አይበቃም። ለተሳተፉት ዕጣ የሚወጣ ከሆነም ስልክ ቁጥሩ በሌላ ቅጽ፣ በሌላ ሊንክ መሰብሰብ አለበት። ስም ሳይጠየቅ ትምህርት ክፍል፣ ዓመት፣ ዕድሜና ጾታ የሚጠየቅበት ጊዜም አለ፤ በአራተኛ ዓመት አንዲት ሴት ብቻ ባለችበት ክፍል ይህ ስሟን ከመጻፍ በምን ይለያል? ዕድሜን በቁርጥ ሳይሆን በዕድሜ ክልል ከፍሎ መጠየቅ፣ ለትንተናው የማይጠቅመውን ደግሞ ጭራሽ መተው ይሻላል። በቡድን ውይይት ላይ ተመራማሪው ለራሱ እንጂ ለሌሎቹ ተሳታፊዎች አፍ ዋስ ሊሆን አይችልም፤ ይህም በቅጹ ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት።

"በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ" የሚለውም ቃል ኪዳን አጥር ይፈልጋል። ስም የሌለው መጠይቅ አንዴ ከተላከ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ መልሶ ማውጣት አይቻልም። በቃለ መጠይቅ ግን ይቻላል፤ እስከ መቼ? "ከቃለ መጠይቁ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ" ብሎ የጻፈ ሰው አንድ አስተያየትዎን አስቀርቷል።

ፊርማን በተመለከተ አንድ ግርምት አለን። ስም በማይጠየቅበት ጥናት ላይ ስምና ፊርማ ያለበት የስምምነት ቅጽ መሰብሰብ፣ ማንነትን የሚገልጠውን ብቸኛ ወረቀት በራስ እጅ ማምረት ነው። ለእንዲህ ያለው ጥናት ኮሚቴው በፊርማ ፋንታ "ያንብቡ፤ ከተስማሙ ይቀጥሉ" የሚለውን ሊፈቅድ ይችላል። ግን ይህ በማመልከቻው ላይ ከምክንያቱ ጋር መጠየቅ አለበት፤ ካልተጠየቀ ማንም አያነሣውም፤ እርስዎም "የፊርማ ቦታ የለም" ብለው ይመጣሉ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችን እንግባ። አንድ መምህር በራሱ ተማሪዎች ላይ ጥናት ሊያካሂድ ያመለክታል። መጠይቁን ራሱ ክፍል ውስጥ ያድላል፣ ራሱ ይሰበስባል፣ ከዚያ ውጤት ይሰጣል። በቅጹ ላይ "ተሳትፎው በፈቃደኝነት ነው" ይላል። ውጤቱን በእጁ የያዘ ሰው ከፊቱ ቆሞ "ካልፈለግህ ተው" ሲለው ማን ይተዋል? መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ሌላ ሰው ያድል፣ መምህሩ ከክፍል ይውጣ፣ የሞላውና ያልሞላው ሁሉ ወረቀቱን በአንድ ሣጥን ይክተት፣ መምህሩም ውጤት እስኪለጠፍ ድረስ ማን እንደተሳተፈ አይወቅ። ለተሳትፎ ተጨማሪ ነጥብ ካለ፣ መሳተፍ ለማይፈልገው ተመጣጣኝ ድካም ያለው ሌላ ሥራ ይሰጠው። ኮሚቴ የተፈጠረው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው። እርስዎ ግን ይህን በ14ኛ ተራ ቁጥር ጽፈውታል። አንደኛው "የፊደል መጠን 12 ይሁን" ነው። ሁለተኛው "በገጽ 3 ነጠላ ሰረዝ ይጨመር" ነው። የደከመው አመልካችም ነጠላ ሰረዙን አስገብቶ፣ ለ14ኛው "ተስተካክሏል" ብሎ ይልካል።

ቤተሰብዎ እኮ የተከበረ ነበር፤ የቆመው ሰውን ከእንዲህ ያለ በደል ለመጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ በአሜሪካ ቱስኬጊ ውስጥ 600 ያህል ጥቁር ወንዶች፣ 399ኙ ቂጥኝ ያለባቸው፣ ምን እየተደረገባቸው እንደሆነ ሳይነገራቸው በጥናት ተይዘው ቆዩ፤ በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላም አልተሰጣቸውም። ጉዳዩ ሲጋለጥ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችን ግዴታ ያደረገው የ1974ቱ የአሜሪካ ሕግ ወጣ፤ በ1979 ደግሞ የቤልሞንት ሪፖርት ሰውን ማክበር፣ ጥቅምን ከጉዳት ማብለጥ፣ ፍትሕ የሚሉትን ሦስት መርሖዎች አኖረ። ከዚያ በፊት በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር የወጡት የ1947ቱ የኑረምበርግ ደንብና የ1964ቱ የሄልሲንኪ መግለጫ ነበሩ። ሁሉንም አገላብጠናል፤ አንዳቸውም ስለ ፊደል መጠን የሚሉት የለም።

ሁለተኛ ዙር ላይ የሚያሳዩት ጠባይ ደግሞ ለብቻው ይነሣ። በመጀመሪያው ዙር ዘጠኝ አስተያየት ይሰጣሉ፤ ዘጠኙም መልስ ያገኛል። ከዚያ አንድ ቃል ባልተነካበት ገጽ ላይ አምስት አዲስ አስተያየት ይዘው ይመጣሉ፤ ገምጋሚው ስለተቀየረ። "ግልጽ አይደለም" የሚለው አስተያየትዎ ገጽም መስመርም የለውም። "የሥነ ምግባር ክፍሉ ይጠናከር" የሚለውን ግን ምን እንደምናደርገው እስካሁን የገባው አልተገኘም፤ አብዛኛው ሰው አንድ አንቀጽ ይጨምርበታል፤ ያም የሚሠራ ይመስላል። ገምጋሚዎቹ ከማስተማር በተረፋቸው ሰዓት፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ እንደሚሠሩ እናውቃለን፤ ስለዚህ ቅሬታችን በእነሱ ላይ ሳይሆን በእርስዎ ላይ ነው።

እርስዎን አንዴ መጥተው እንዲቀሩ ማድረጊያው ግን ታውቋል፤ ሳንደብቅ እንነግርዎታለን። ምላሹ በሦስት ዓምድ ሰንጠረዥ ይሠራል፦ የገምጋሚው አስተያየት ቃል በቃል፣ የተደረገው ለውጥ፣ ገጽና መስመር። "ተስተካክሏል" ብቻውን መልስ አይደለም፤ አዲሱ ዓረፍተ ነገር እዚያው ይለጠፋል። ሁለት ቅጂ ይላካል፣ ለውጡ በቀለም የታየበትና ንጹሑ። በእያንዳንዱ ሰነድ ግርጌ የቅጂ ቁጥርና ቀን ይገባል፤ ኮሚቴው የሚያጸድቀው ያችን ቅጂ ብቻ ነውና። በፕሮፖዛሉ የተለወጠ ቁጥር በበጀቱም፣ በቅጹም፣ በትርጉሙም ይለወጣል፤ የስምምነት ቅጹ ተሳታፊዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ ተተርጉሞ፣ ዋናውን ባላየ በሌላ ሰው ወደ መነሻው ቋንቋ ተመልሶ ካልተመሳከረ፣ የትርጉሙ ነገር እርስዎን መጥራቱ አይቀርም። አመልካቹ በማይስማማበት አስተያየት ላይም ዝም ብሎ መታዘዝ አያስፈልግም፤ "አልለወጥነውም፣ ምክንያቱም" የሚል ሁለት መስመር በኮሚቴ ፊት ይቆማል።

በእርስዎ ተማርረው መጠይቁን ቀድመው ስለሚበትኑት ሰዎች እናንሣ፤ አይወዷቸውም፣ እኛም አንወዳቸውም። ዳታው ተሰብስቦ "ኤቲካል ክሊራንስ (የሥነ ምግባር ፈቃድ) ይሰጠን" ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የምርምር መጽሔቶች የፈቃዱን ቁጥርና ቀን ይጠይቃሉ፤ ቀኑ ከዳታው በኋላ ሆኖ ከተገኘ ሥራው በሙሉ ሊወድቅ ይችላል። በእውነተኛ ሰዎች ላይ የሚደረግ የሙከራ መጠይቅም ያው ነው፤ ፈቃድ ይቀድመዋል። ከፈቃዱ በኋላ አንድ ጥያቄ ከተለወጠም ለውጡ ሥራ ላይ ሳይውል ለኮሚቴው ይቀርባል፤ ፈቃዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዓመት ሲሞላው ይታደሳል። ከዚያም እርስዎ ያቺኑ ፈገግታ ይዘው በር ላይ ቆመው እናገኝዎታለን።

እንግዲህ የምንለምነው ጥቂት ነው። አስተያየቶችዎን በሁለት ይክፈሉልን፤ ሰው የሚጎዳው ከላይ፣ ነጠላ ሰረዙ ከታች። ገጽና መስመር ይጻፉ። ያለዎትን ሁሉ በመጀመሪያው ዙር ይናገሩ። የሰረዙን ጉዳይ ደግሞ ከፈለጉ ለአማካሪው ይተዉለት፤ ፈርሞበታል፣ ያንብበው።

ከሠላምታ ጋር፣
ፋይላቸው ገና በሁለተኛው ዙር ያለ አመልካቾች

ግልባጭ፦
ለክቡር "ጸድቋል"፣ ባሉበት
ለአማካሪዎች፣ ሳይፈርሙ በፊት እንዲያነቡት
ለኮሚቴው ጸሐፊ፣ ለውጡ በቀለም ከታየበትና ከንጹሑ ቅጂ ጋር

አባሪ፦ የምላሽ ሰንጠረዥ፣ ቅጂ 1.4። በገጽ 3 የተጠየቀው ነጠላ ሰረዝ ገብቷል።