ባትሪው ከመድረቁ በፊት

የፖሊመርን፣ ማለትም እንደ ፕላስቲክ ያሉ ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች የተሠሩ ቁሶችን፣ ፍሰት ለዓመታት ሲያጠኑ የቆዩ አንድ የኬሚካል ምህንድስና ፕሮፌሰር ፊታቸውን ወደ ባትሪ ሲያዞሩ «መስካቸውን ቀየሩ» መባሉ የተለመደ ነው። እኔ ግን የቀየሩ አይመስለኝም።

የሊቲየም-አዮን ባትሪ ኤሌክትሮድ (የባትሪው ዋልታ) ሲጀመር ዝልግልግ ድብልቅ ነው። ኃይል የሚያከማቸው ዱቄት፣ ጥቁር ካርቦንና አጣባቂው ፖሊመር በፈሳሽ ተለውሰው በስስ የብረት ፎይል ላይ ይቀባሉ፤ ከዚያም ይደርቃሉ፣ ይዳመጣሉ። ድብልቁ በመቀቢያው ጠባብ ክፍተት ሲያልፍ መቅጠን፣ ፎይሉ ላይ ካረፈ በኋላ ደግሞ መልሶ መወፈር አለበት፤ ካልቀጠነ እኩል አይዘረጋም፣ ካልወፈረ ጠርዙ ይንሸራተታል። በጥድፊያ ሲደርቅ አጣባቂው ወደ ላይ ሸሽቶ ከተከማቸ ደግሞ ሽፋኑ ከፎይሉ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ይህን ጉድለት ዱቄቱ የቱንም ያህል ምርጥ ቢሆን አያቃናውም።

ፖሊመር እንደ ውሃ የሚገራ ፈሳሽ አይደለም። ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ለመጠላለፍ የሚበቃ ርዝመት ካገኙ በኋላ፣ ርዝመታቸው እጥፍ ሲሆን የቀለጠው ፖሊመር ዝልግልግነት ከ10 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር-ዢል ደ ዤን እ.ኤ.አ. በ1971 እያንዳንዱ ሰንሰለት በጎረቤቶቹ መካከል እንደ እባብ እየተሳበ እንደሚያልፍ በማሰብ ያወጡት ቀመር ግን ጭማሪውን 8 እጥፍ ብቻ ያደርገዋል፤ ይህችን ልዩነት ለማስረዳት ብዙ ቀለም ፈሷል። ደ ዤን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኙት በ1991 ሲሆን፣ ሶኒ የሊቲየም-አዮን ባትሪን ለገበያ ያቀረበውም በዚያው ዓመት ነው። አጋጣሚ ነው፤ እኔን ግን ደስ ይለኛል።

ዝምድናው በቅቡ አያበቃም። የሚቀጣጠለውን ፈሳሽ ኤሌክትሮላይት (አዮኖች በኤሌክትሮዶቹ መካከል የሚያልፉበትን ቁስ) ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ በተባለ ፖሊመር ለመተካት በሚደረገው ጥረት፣ የሊቲየም አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከሙ አቶሞች) የሚጓዙት በሰንሰለቱ ክፍሎች መወዛወዝ እየታገዙ ነው። ፖሊመሩ በተራ የክፍል ሙቀት በከፊል ክሪስታል ስለሚሆን አዮኖቹ ይዘገያሉ፤ ሲሞቅና ሲለሰልስ መንገዱ ይከፈታል፣ ነገር ግን ሁለቱን ኤሌክትሮዶች ለይቶ የመያዝ ጥንካሬው ይቀንሳል። ይህ በስሙ የኃይል ጥያቄ ይባል እንጂ፣ ሰንሰለት እንዴት ይንቀሳቀሳል የሚለው የቆየው የፍሰት ጥያቄ ነው።

የምርምር ገንዘብ የሚመድቡ አካላት ግን ሁለቱን በተለያየ መዝገብ ያስቀምጣሉ፤ ለአዲስ ዱቄት ግኝት እጃቸው ይፈታል፣ ለፍሰት መለኪያ መሣሪያ ሲሆን ይቋጠራል። አዲስ የኤሌክትሮድ ቁስ ለመሥራት የሚቀርብ ማመልከቻ ድብልቁ እንዴት እንደሚፈስና እንደሚደርቅ የሚያስረዳ አንድ ገጽ እንኳ ከሌለው፣ ገምጋሚዎች ሳይፈርሙ ሊመልሱት ይገባል።