ብቻህን ካልነፋኸው ያንተ አይደለም?

ሰሞኑን አንድ የዘመናዊ ጥበብ ውድድር አዲስ ደንብ አውጥቷል። ደንቡ አጭር ነው። የብርጭቆ ሥራ ይዞ የሚመጣ ሰው ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ፣ ያለ ረዳት መሥራቱን በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። ካላረጋገጠ ሥራው ወደ ዕደ ጥበብ ክፍል ይዛወራል። ሥዕል ይዞ የመጣ ሰው ይህን አልተጠየቀም። የነሐስ ሐውልት ይዞ የመጣም አልተጠየቀም። የተጠየቀው ባለ ብርጭቆው ብቻ ነው።

አንብቤ ስጨርስ ደሜ ፈላ። ይበልጥ ያናደደኝ ግን ከዳኞቹ አንዱ ደንቡን ሲከላከሉ ያቀረቡት ምክንያት ነው። ሰዓሊ ብሩሹን ለሌላ ሰው አይሰጥም፣ ስለዚህ ብርጭቆ ሠሪም የሚነፋበትን ቱቦ ለሌላ መስጠት የለበትም አሉ።

ይህን የሚል ሰው ብርጭቆ ሲሠራ ቆሞ አይቶ አያውቅም። በዚህ እርግጠኛ ነኝ።

እስቲ ምድጃው አጠገብ እንቁም። ውስጡ ያለው ብርጭቆ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ግሎ እንደ ወፍራም ማር ሆኗል። ባለሙያው ረጅም የብረት ቱቦ ያስገባና ጫፉ ላይ ይጠቀልለዋል። ከዚህ በኋላ ቱቦው መዞሩን ማቆም የለበትም። ካቆመ ብርጭቆው ወደ አንድ ጎን ይዘረገፋል። ባለሙያው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። በአንድ እጁ ቱቦውን እያንከባለለ በሌላው በመቆንጠጫ ወይም በተነከረ ጋዜጣ ቅርጽ ያወጣል። የሚነፋበት የቱቦው አፍ ግን ከጎኑ፣ እጁ ከሚደርስበት አልፎ ነው ያለው። ታዲያ ማን ይንፋ? ሌላ ሰው በርከክ ብሎ ይነፋል። ንፋ ሲሉት ይነፋል፣ በቃ ሲሉት ያቆማል።

ይህ ገና መጀመሪያው ነው። ሥራው አፍ እንዲኖረው ከተፈለገ ከታች በኩል ሌላ ዘንግ ይጣበቅበትና ከቱቦው ይላቀቃል። ያን ዘንግ ጫፉ ላይ ትኩስ ብርጭቆ አድርጎ በሰከንዷ የሚያደርሰው ረዳቱ ነው። ሲያልቅ ሙቀት የሚከላከል ጓንት አድርጎ ወደ ማቀዝቀዣው ምድጃ የሚሮጠውም ሌላ ሰው ነው። እዚያ ከ500 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ቀስ እያለ ካልቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ወፍራም ቅርጻ ቅርጽ ከሆነ ማቀዝቀዙ ብቻ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል።

ትንንሽ ሥራዎችን ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ አለ። በቱቦው አፍ ላይ ጎማ አስሮ ራሱ የሚነፋም አለ። ያ የራሱ የአሠራር ምርጫ ነው። ሥራው ጥበብ መሆን አለመሆኑን ግን አይወስንም።

የደንቡ ደጋፊዎች አንድ ታሪክ ይጠቅሳሉ። የስቱዲዮ ብርጭቆ እንቅስቃሴ የተወለደው የጥበብ ሰው ከፋብሪካ ወጥቶ ብቻውን ይሥራ ከሚል ሐሳብ ነው ይላሉ። የእንቅስቃሴው መሥራች የሚባለውን ሐርቪ ሊትልተንን ይጠራሉ። ጥሩ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብበው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1962 ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ኦሃዮ፣ የቶሌዶ የጥበብ ሙዚየም ግቢ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ። ሊትልተን ያኔ የሸክላ ጥበብ መምህር ነበር። ብርጭቆ መሥራት ሊማሩ ከተሰበሰቡ ሰዎች ጋር ትንሽ ምድጃ ሠርተው ብርጭቆ ለማቅለጥ ሞከሩ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ነገሩን ያዳነው ዶሚኒክ ላቢኖ የሚባል የኢንዱስትሪ ተመራማሪ ነው። ለብርጭቆ ቃጫ (ፋይበርግላስ) ማምረቻ የሚውሉ የብርጭቆ ብዮች አመጣና እነሱን እንዲያቀልጡ መከራቸው። ብዮቹ ቀለጡ። ግን ማን ይንፋ? ከተሰበሰቡት አብዛኞቹ የሸክላ ሰዎች ነበሩ። ሐርቪ ሊፍግሪን የተባለ፣ ከሊቢ የብርጭቆ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ነፊ መጣና አሳያቸው።

ልብ በሉ። ብቻውን የሚሠራው የጥበብ ሰው ተወለደ በሚባልበት ጋራዥ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሰው ነበር። አንዱ ሐሳቡን ያመጣ፣ አንዱ የሚቀልጠውን ያመጣ፣ አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ሲነፋ የኖረ። ሊፍግሪን ባይመጣ ኖሮ ሊትልተን ዛሬ እንደ ሸክላ መምህር ብቻ ይታወስ ነበር እላለሁ።

የሊትልተን ተማሪ የነበረው ዴል ቺሁሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ጣሊያን፣ ቬኒስ አጠገብ ባለችው ሙራኖ ደሴት ወደሚገኘው የቬኒኒ የብርጭቆ ፋብሪካ ሄደ። እዚያ ያየው ሰዎች በቡድን ሲሠሩ ነው። ያየውን ይዞ ተመለሰ። በ1971 ፒልቸክ የሚባለውን የብርጭቆ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። በ1976 በመኪና አደጋ የግራ ዓይኑን አጣ። በ1979 ትከሻው ወለቀ፣ ከዚያ በኋላ ቱቦውን እንደ ቀድሞው መያዝ አልቻለም። የመንፋቱን መሪነት ለሌሎች ሰጥቶ ራሱ መሳልና ማቀናበር ቀጠለ።

በዚህ ደንብ ከሄድን የቺሁሊ ጥበብ በ1979 አበቃ። ያኔ ገና 40 ዓመት አልሞላውም ነበር። በ1980 የጀመራቸው የባሕር ቅርጾች የሉም። በ1996 ቬኒስ ላይ የሰቀላቸው ግዙፍ መብራት መሰል ሥራዎችም የሉም፤ እነሱን ፊንላንድ፣ አየርላንድና ሜክሲኮ ካሉ የፋብሪካ ነፊዎች ጋር ነው የሠራቸው። አንድ ሰው ዓይኑን ካጣ፣ ትከሻው ካልታዘዘው፣ ወይም ካረጀ፣ ከጥበብ ሰዎች ዝርዝር ይሰረዝ ማለት ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን አስበውበታል? ካላሰቡበት አሳፋሪ ነው። አስበውበት ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው።

ስታኒስላቭ ሊቤንስኪንና ያሮስላቫ ብሪህቶቫንስ ምን ሊያደርጓቸው ነው? ቼክ አገር የኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። እሱ በወረቀት ይሥል ነበር። እሷ ሥዕሉን በጭቃ ቅርጽ ታደርገው ነበር። ከዚያ ቅርጽ ማውጫ ይዘጋጅና በዤሌዝኒ ብሮድ ከተማ ምድጃ ውስጥ ሌሎች ባለሙያዎች ብርጭቆውን ያፈስሱት ነበር። ብርሃን ብርጭቆው ውስጥ ገብቶ ወፍራሙ ጋ ሲጠቁር፣ ስሱ ጋ ሲነጣ ያየ ሰው እነዚህ ሁለቱ ምን እንደሠሩ ይገባዋል። ታዲያ ቅጹ ላይ ማን ይፈርም? እሱ? እሷ? ወይስ ምድጃውን ሌሊት የጠበቀው? የማንኛቸውም ሥራ ብቻውን የተሠራ አይደለም። ለዚህ ውድድር ሁለቱም ዕደ ጥበበኞች ናቸው።

አሁን ወደ ብሩሹ ልመለስ። ፈረንሳዊው ቀራፂ ኦጉስት ሮዳን እምነበረዱን በአብዛኛው ያስጠረበው በቀጠራቸው ጠራቢዎች ነው። ነሐስ የሚሠራ ቀራፂም ሥራውን ወደ ማቅለጫ ይልካል። ጀርመናዊው ሰዓሊ ገርሃርድ ሪክተር በ2007 ለኮሎኝ ካቴድራል በ72 ቀለም፣ ከ11,000 በላይ የመስታወት ካሬዎች ያሉት መስኮት ነደፈ፤ ካሬዎቹን ያዘጋጁት የወርክሾፕ ባለሙያዎች ናቸው። ሰዓሊው ማርክ ሻጋል ለኢየሩሳሌሙ ምኩራብ የሠራቸው 12 መስኮቶችም ፈረንሳይ፣ ሬምስ ከተማ ካለው የመስታወት ባለሙያ ሻርል ማርክ ጋር የተሠሩ ናቸው። ፍሬድ ዊልሰን በ2003 በቬኒስ ቢየናሌ፣ በዓለም አቀፉ የጥበብ ትርኢት፣ አሜሪካን ወክሎ የሙራኖ ሰዎች የሠሩትን ጥቁር የብርጭቆ ሻንደሌር (ከጣሪያ የሚንጠለጠል መብራት) ሰቀለ። ለእነዚህ ማንም ቃለ መሐላ አላቀረበላቸውም። ማቅረብም አልነበረበትም።

እኔን የሚያበሳጨኝ ይኸው ነው። በሥዕል ታዋቂ የሆነ ሰው ብርጭቆ ሲያሠራ ጥበብ ይባላል። ምድጃ አጠገብ ያደገ ሰው ሲሆን እጅህን አሳየኝ ይባላል። ሊኖ ታልያፒዬትራ ሙራኖ ውስጥ በ11 ዓመቱ ምድጃ ቤት ገብቶ በ21 ዓመቱ ማስትሮ ተባለ። በ1979 ፒልቸክ ሄዶ ደሴቱ ለዘመናት ሲደብቀው የኖረውን አሠራር ለአሜሪካውያን አስተማረ። ማስትሮ የሚባለው ቡድን የሚመራ ሰው ነው። ክብሩ ያለው ዙሪያውን የቆሙትን እጆች እንደ ራሱ እጅ ማንቀሳቀስ በመቻሉ ነው። ደንቡ እንደ ጉድለት የቆጠረው ይህንኑ ችሎታ ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። አንዳንድ ትልልቅ ስሞች ከኋላቸው የቆሙትን ሰዎች ይደብቃሉ። ካታሎግ ላይ አንድ ስም፣ ግድግዳው ላይም ያው አንድ ስም። ይህ እኔንም ያናድደኛል። ግን ደንቡ ይህን አያስተካክልም፣ ያባብሰዋል እንጂ። ረዳቶቹን በግልጽ የጠቀሰ ይባረራል። ረዳት አልነበረኝም ብሎ የፈረመ ይገባል። ይህ ውሸትን መሸለም ነው።

ማመልከቻው ገና ክፍት ነው፣ ቅጹንም ማስተካከል ይቻላል። ያ የፊርማ አንቀጽ ይውጣ። በቦታው አብረው የሠሩት ሁሉ ስም የሚሞላበት መስመር ይግባ፤ የነፋው፣ ዘንጉን ያቀበለው፣ ምድጃውን የጠበቀው። ለብርጭቆ ብቻ ሳይሆን ለነሐሱም ለእምነበረዱም ይግባ። ሥራው ሲሰቀልም ስሞቹ በሙሉ አጠገቡ ይለጠፉ።