ርስት ያለው ጽንስ፣ ርስት የሌለው ጽንስ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስለ ውርጃ ወሬ ተነሣ። አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው «ይኼ ሕግ ነፍስ ማጥፋት ነው የፈቀደው» አሉ። ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ደግሞ «ጽንስ ገና ሰው አይደለም፤ ሕጉም ሰው አይለውም» ብሎ መለሰላቸው። ድንኳኑ ለሁለት ተከፈለ። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። ወደ ቤት ስመለስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። በዚያ ሁሉ ክርክር መሀል እርጉዟን ያነሣት ሰው አልነበረም።

እኔ ራሴ ጽንስ ነፍስ ነው ብዬ አምናለሁ። ያደግኩት «ሁለት ነፍስ ናት፣ መንገድ ልቀቁላት» በሚባልበት አገር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ልደትን ብቻ አታከብርም፤ ጽንሰትንም ታከብራለች። ነሐሴ 7 የእመቤታችን ጽንሰት ነው። የኛው የቡልጋው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደታቸው ታኅሣሥ 24፣ ጽንሰታቸው መጋቢት 24 ይታሰባል። ዮሐንስ በእናቱ ማኅፀን ሳለ መስገዱን ገና በልጅነታችን ሰምተናል። ስለዚህ የሽማግሌው ንግግር ከየት እንደመጣ በደንብ ይገባኛል።

ሕጉም ቢሆን ጽንሱን አልረሳውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው የመብት ባለቤት የሚሆነው ከተወለደ ጀምሮ ነው ይላል። ተማሪው በዚህ ልክ ነው። ግን ሕጉ እዚያ ላይ አላበቃም። አንቀጽ 2 ላይ፣ የጽንሱ ጥቅም የሚጠይቅ ሲሆን እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል። ብቻ በሕይወት ይወለድ፣ ለመኖርም የሚችል ይሁን። ከተወለደ በኋላ 48 ሰዓት ከኖረ እንደሚችል ይቆጠራል።

ይህ ለመንዝ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አጎቴ ሲሞት ሁለተኛ ሚስቱ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳቸው ልጆች ከብቱንና በጉን ሊከፋፈሉ ተሰበሰቡ። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና «አንድ ያልመጣ ባለድርሻ አለ» አሉ። ሁሉም ዝም አለ። አራት ወር ተጠበቀ። ልጁ ተወለደ፤ ድርሻውንም አገኘ። ጠበቃ አልቆመለትም፣ ፍርድ ቤት አልተሄደም። በዚያ ቀን በአገሬ ሰው ኮርቻለሁ።

ሌላ ጽንስ ደግሞ አውቃለሁ። እናቱ ከመንዝ መጥታ ጎረቤታችን ቤት በሠራተኝነት የገባች የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። የኅዳር ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ማለዳ፣ በኮንጎ ጫማ፣ ባልዲ ተሸክማ ስትወጣ ስትገባ አያታለሁ። ሆዷን በነጠላ ጥብቅ አድርጋ ታስረው ነበር። እኛ ለብርዱ መስሎን። የቀጣሪዎቿ ዘመድ የሆነ ወጣት ደፍሯት ኖሯል። እንዳትናገር አስፈራርቷታል። ብቻዋን ጤና ተቋም ሄዳ ነበር። «ከፖሊስ ማስረጃ ይዘሽ ነይ» ብለው መለሷት። በሳምንቱ ሰው የነገራትን ነገር ጠጣች። ሌሊት ሲቃዋን ሰምታ እናቴ በግቢው በር ገባች። ፍራሹ በደም ርሷል። እናቴ ጋቢዋን አውልቃ ጠቀለለቻትና በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት። በስንት መከራ ተረፈች።

ሕጉ ከሷ ጋር እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከ1997 ግንቦት ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ውርጃን አሁንም ወንጀል ይለዋል፤ ያስቀጣልም። አንቀጽ 551 ላይ ግን የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ጽንሱ የመጣው በመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ ጋር በተደረገ ግንኙነት ከሆነ። የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት፣ ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ። ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት። እናቲቱ ራሷ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት፣ አለዚያም በልጅነቷ የተነሣ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነች። የተደፈረችዋ ደግሞ ማስረጃ አትጠየቅም፤ አንቀጽ 552 ቃሏ ይበቃል ይላል። ጤና ጥበቃ በ1998 ያወጣው መመሪያም ይህንኑ ይዟል። ዕድሜዋንም ቢሆን የተናገረችው ይመዘገባል እንጂ ወረቀት አምጪ አይባልም። ያን ቀን የጠየቋት የፖሊስ ወረቀት የትም አልተጻፈም።

ለለቅሶ ቤቱ ሽማግሌ መልሴ እንግዲህ ይኸው ነው። ነፍስ ማጥፋት ፈቀደ የሚሉት አንቀጽ እሷን ሊያድን ይችል የነበረው አንቀጽ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የ1949 ሕግ ውርጃ የሚፈቀደው የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ከከባድ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ያኔ ውርጃ ቀርቶ ነበር እንዴ? አልቀረም። በየጓዳው፣ በየሰው እጅ ይሠራ ነበር፤ ሴቶችም ይሞቱ ነበር። ነፍስ ነው ካልን የሞቱትም ነፍስ ናቸው።

ለተማሪውም የምለው አለኝ። ልጅቷ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ነቃ ስትል መጀመሪያ እናቴን የጠየቀቻት «ወንድ ነበር?» ብላ ነው። አልፈለገችውም። ልትወልደው አትችልም ነበር። ቢሆንም ጠየቀች። «ሰው አይደለም» የሚለው ቃል ትክክለኛ የሕግ መልስ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ አልጋ አጠገብ ቆሞ ግን የሚናገረው ሰው ያለ አይመስለኝም። እናቴ ጾሟን የማትፈታ፣ ኪዳን የማይቀርባት ሴት ናት። አልገሠጸቻትም። «ኃጢአት ሠራሽ» አላለቻትም። ግንባሯን ዳሰሰቻትና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት። ለወለደች ሴት የሚባለውን። ቤት ስትመለስም አጥሚት ሠርታ አጠጣቻት።

እኔን የሚቆጨኝ ጽንሱ ነፍስ መሆኑ የሚታወሰን መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። ልጅቷ ልታስወርድ ስትነሣ። ከዚያ በፊትስ? አባት ርስት ካለው ጽንሱ ባለድርሻ ነው፤ ሽማግሌ ይቆምለታል። እናቱ ሠራተኛ ከሆነች ግን ገና ሳይወለድ ዲቃላ ነው። እሷም ሆዷ ገፍቶ ከታየ ዕቃዋን በፌስታል ይዛ ትወጣለች። ወንድየውን የሚጠይቀው የለም። የወንጀል ሕጉ ራሱ አንቀጽ 550 ላይ ከባድ ድህነት ለውርጃ የገፋፋት ሴት ቅጣቷ ይቅለልላት ይላል። ሕግ አውጪው ድህነቷን አይቷል። እኛ ጎረቤቶቿ አላየናትም።

አሁን ደግሞ ባሰ። በግጭቱ መንገድ ሲዘጋ ከመንዝም ሆነ ከመርሐ ቤቴ ገጠር ለምጥ እንኳ ሆስፒታል መድረስ ጭንቅ ነው። የተደፈረች ልጅ በምን ትደርሳለች? ማንስ ይነግራታል? አንቀጽ 552ን በትልቁ ጽፎ ጤና ጣቢያው በር ላይ መለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል? በየሰንበቴው ልጃገረዶችን ብቻ ከመምከር ወንዶቹንስ አስቀምጦ መጠየቅ ማንን ይጎዳል? አጎቴ ቤት ከዘራ ያነሡት ሽማግሌ ያን ወጣት ፊት ለፊት ጠርተው «ይህ ጽንስ የማን ነው?» ቢሉት እንዴት ደስ ባለኝ። የጠራው የለም።

ልጅቷ ስታገግም በማለዳው አውቶቡስ ወደ መሐል ሜዳ ሄደች። የእናቴን ጋቢ ለብሳ። ወጣቱ እዚሁ ከተማ ነው። አግብቶ ወልዷል። ለልጁ የአርባ ቀን ክርስትና ሰፈሩን በሙሉ ጠርቶ ነበር፤ እኛንም ጠራን። ክርስትና ቀርታ የማታውቀው እናቴ አልሄደችም።