ድሪቶ በሻንጣ

ሻንጣውን የከፈተችው እናቴ ናት። መጀመሪያ ቅባቱን አወጣች። ቀጥላ የእህቴን ጫማ። ከዚያ ከሥር በላስቲክ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩትን ነገር ሳብ አድርጋ አልጋው ላይ ዘረጋችው። ዝም አለች። ገልብጣ አየችው፣ መልሳ ገለበጠችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ብርድ ልብስ ነው። ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

«አንተ፣ አሜሪካ ድረስ ሄደህ ድሪቶ ይዘህልኝ መጣህ?»

ሐዋሳ ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ጎረቤት በመጣ ቁጥር ድሪቶው ይወጣል፣ ይታያል፣ ይሳቅበታል። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም ነገሩ ሲያብሰለስለኝ ስለከረመ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ድሪቶው የ2010 ሥራ ነው። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ያኔ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር የምሠራው። መጋቢት መግቢያ ላይ ከሥራ ስወጣ በረዶ አንሸራቶኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ስምንት ሳምንት ቤት ተቀመጥ ተባልኩ። ብዙም አልከፋኝም። እስከዚያ ክረምታቸው ያልቃል፣ ፀሐይ ይወጣል ብዬ አሰላሁ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፣ ከፈረንጆቹ ስፕሪንግ ጋር ይገጥማል። (እኛ ጸደይ ሲባል አደይ አበባ ለምን እንደሚታየን እንጃ፣ በዚያ አቆጣጠር መስከረም ገና ክረምት ውስጥ ነው።)

ጸደይ ግን ቀረ። ፋሲካ መጋቢት 30 ዋለ፣ ዶሮዬን በሹራብ ላይ ሹራብ ደርቤ በላሁ። በሳምንቱ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ፣ ሦስት ቀን የቆየ የበረዶ ማዕበል መጥቶ ከ35 ሴንቲ ሜትር በላይ ጣለብን። ሚኔቶንካ የሚባለው ትልቁ ሐይቅ በረዶው የለቀቀው ሚያዝያ 27 ነው፣ የአርበኞች ቀን። እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ። ሐይቅ ሲባል የማውቀው ጀልባ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ሲገፈፍ ከበው የሚጠብቁ አባ ኮዳዎች ነው። እዚያ ሰዎቹ ሐይቁ ላይ መኪና ይነዳሉ። ጎጆ ያቆሙበታል፣ በረዶውን በመሰርሰሪያ በስተው ዓሣ ያጠምዳሉ። ለእናቴ በስልክ ብነግራት አላመነችኝም። «መኪናው አይሰምጥም ወይ?» አላለችም። «ዓሣው አይበርደውም?» ነው ያለችው።

ታዲያ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ መስኮት መስኮቱን ሳይ የታችኛዋ ፎቅ ጎረቤቴ ሾርባ ይዛ መጣች። ጡረታ የወጣች አሮጊት ናት። ከሾርባው ጋር ሁለት የሹራብ መሥሪያ ሽቦና አንድ ድቡልቡል የሱፍ ክር ነበራት። ያዝ አለችኝ። ይሄ እኛ አገር የሴት ሥራ ነው አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። እሷ ከሄደች በኋላ ሳስበው ግን የተናገርኩት ነገር ለራሴም አልገባ አለኝ። የሐዋሳ ገበያ ውስጥ ሲንጀር ላይ ተቀምጦ ሱሪ የሚያሳጥረው ማን ነው? ወንድ። ዶርዜዎቹን እንውሰድ፣ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ጋቢ ለብሶ የሚኮራው ሁሉ የወንድ እጅ ነው የለበሰው። ክርና መርፌ የወንድ ሆኖ ሹራብ ላይ ሲደርስ የሴት የሚሆንበትን ምክንያት የሚነግረኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ሹራቡ አልሆነልኝም። በሃያ ቀለበት ጀምሬ ሳልቆጥር ሃያ ስድስት ሆኖ አገኘዋለሁ። የሠራሁት ነገር ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ፣ የአህያ ጆሮ የመሰለ ነገር ወጣው። አሮጊቷ አየችውና ሳትስቅ ፈታችው። ክሩን ጠቅልላ ወደ ኪሷ ከተተችና በማግስቱ ጨርቅና መቀስ ይዛ መጣች። እንደዚህ ነው ወደ ድሪቶው የገባሁት።

እነሱ ኩዊልት ይሉታል። ሦስት ድርብ ነው። ላዩ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ፣ መሃሉ ስስ ጥጥ፣ ሥሩ ገበር። ሦስቱን አንድ ላይ ይዞ ዳር እስከ ዳር በስፌት ማያያዝ ነው ሥራው። (ጋቢያችን አራት ድርብ ነው ብዬ ጉራዬን ነዛሁባት። አራቱንም አንተ ነህ የሠራኸው? አለችኝ።) የመረጠችልኝ ዓይነት «የእንጨት ቤት» የሚሉት ነው። ላዩ በብዙ እኩል ክፍሎች ይከፈላል፣ በየክፍሉ መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ አራት ማዕዘን ትቀመጣለች። በእሷ ዙሪያ ቀጫጭን ዘርፍ ጨርቆች፣ አንዱ በአንዱ ጫፍ ላይ እየተደረበ፣ ግንድ ላይ ግንድ እንደሚጫን እየዞሩ ይሰፋሉ። ሁለቱ ጎን ደማቅ፣ ሁለቱ ጎን ጨለም ያለ። ስፌቱ ከጨርቁ ጠርዝ ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል መግባት አለበት። አንድ ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች ብዬ ነበር። አሥራ ሁለት ዘርፍ ላይ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ስትሳሳት ያንዱ ክፍል ጎን ከሌላው አንድ ጣት ይበልጣል፣ ከጎረቤቱ ጋር አልገጥም ይላል፣ ትፈታዋለህ። ስንት ምሽት ስፌት ስፈታ እንዳመሸሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ወጪው ሌላ ጣጣ ነው። ጨርቁ ከልባሽ ሱቅ የገዛኋቸው ሸሚዞች ናቸው። ጥጡ፣ ገበሩና ክሩ ተደምሮ ግን ከ80 ዶላር በላይ ወጣብኝ። በዚያ ብር ሁለት የተዘጋጀ ብርድ ልብስ ይገዛል።

እንግዲህ ትዝብቱ እዚህ ጋ ነው። እዚያ አገር ክር ከሹራብ ይወደዳል። ትልልቅ የጨርቅ ሱቆች አሉ፣ አዲስ ጨርቅ በሜትር ይሸጣሉ፣ ሰዎቹ ገዝተው ወደ ቤት ወስደው ይቆራርጡትና መልሰው ይሰፉታል። እናቴ ይህን ስነግራት ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ደህናውን ጨርቅ?» አለች። «ደህናውን ጨርቅ ሆን ብለው?» እኔም መጀመሪያ ጥጋብ ነበር የመሰለኝ። ቆይቼ ግን ሱቁ ውስጥ የሚሸጠው ጨርቅ ብቻ አለመሆኑን አየሁ። ሚያዝያ ነው፣ ውጭው ነጭ ነው፣ ልጆቹ ሌላ ስቴት ናቸው፣ ስልክ የሚደውል የለም። አሮጊቷ በዓመት ሦስት ኩዊልት የምትሠራው ብርድ ልብስ አጥታ አይደለም፣ ቁም ሳጥኗ ሞልቶ ተርፏል። ያ ረጅም የማይነጋ ምሽት በምን ይገፋ? እኔም ለስምንት ሳምንት የሰፋሁት ጨርቁን አይደለም፣ ምሽቱን ነው።

ግን እዚያም ቢሆን ሁሌ እንዲህ አልነበረም። አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። የባሪያ ልጆች ልጆች የሆኑ ጥቁር ሴቶች ያለቀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ቀደው፣ ጉልበቱ ላይ የነጣውን ከነምልክቱ፣ ልጆቻቸውን ከብርድ ሊያድኑ ሲሰፉ ኖረዋል። የለየለት ድሪቶ ማለት ነው፣ እናቴ የምታውቀው ዓይነት። በ2002 እ.ኤ.አ. ያ ድሪቶ ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አወጣለት። ፎቶውን በስልኬ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየችው።

«ቆንጆ ነው» አለች። ቀጥላ፣ «ድህነታቸውን ሙዚየም ውስጥ ሰቀሉላቸው» አለች። ሙገሳ ይሁን ሽሙጥ አልለየሁትም፣ አልጠየቅኳትምም።

የእናቴን ነገር ካላወቃችሁ ይሄ አይገባችሁም። እኛን ያሳደገችን በሹራብ ነው። የተማሪ ሹራብ። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ እንደየትምህርት ቤቱ። የምትሠራበት ሽቦ የአባቴ ብስክሌት ራጂ ነበር፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ ሞርዶ የሰጣት እሱ ነው። (ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ያኔ ብስክሌት የሌለው ቤት አልነበረም፣ ራጂ በሽ ነው።) ሰኔ ላይ ትዕዛዝ ትቀበላለች፣ መስከረም ትምህርት ሳይከፈት ማድረስ አለባት። ክረምቱን ሙሉ ኩራዝ ሥር ነው። እዚያ ማዶ ሹራብ የሚሠራው ጊዜ እንዲያልፍ ነው፣ እናቴ ደግሞ ጊዜ እንዳያልፍባት ነበር የምትሠራው። ያለ ጨዋታ አልነበረም። ጎረቤት ሴቶች ልቃቂታቸውንና እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ቡና ይፈላል፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይታማል፣ እኔ መሬት ላይ ተኝቼ ክር እጠቀልላለሁ። ግን በኋላ ዓይኗ ደከመ። ገንዘብ መላክ በጀመርኩ ዓመት ሽቦዎቹን ለጎረቤት ሰጠቻቸው፣ ዞር ብላም አላየቻቸው። አሁን ሳሎኗ ውስጥ አንድም በእጅ የተሠራ ነገር የለም። ሶፋው ላይ ከቻይና የመጣ ለስላሳ የነብር ሥዕል ያለበት ብርድ ልብስ ተነጥፏል፣ እሱን ነው የምትወደው። ዳንቴሉ እንኳ ጠፍቷል። ለነገሩ ቴሌቪዥኑ ስስ ከሆነ ወዲህ ዳንቴል ማረፊያ አጥቷል።

ዲያስፖራ ስንባል ይሄን አንወድም። ስንመጣ እናቶቻችን እየፈተሉ እንድናገኛቸው እንፈልጋለን። ፎቶ አንስተን «የእናቴ እጅ» ብለን ልንለጥፍ። እኔም ሳልመጣ በፊት አብረን ቁጭ ብለን ስንሰፋ ይታየኝ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል። እሷ ግን ጨርሳለች። «ሥራ የለህም እንዴ አንተ?» ነው ያለችኝ፣ ስንት ወር እንደፈጀ ስነግራት።

እሑድ ዕለት የጎረቤታችን ልጅ መጣች። ፓርኩ ውስጥ ስትሠራ የነበረች ናት፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ማለቴ ነው። ያ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ልብስ ይሰፋል ተብሎ ነው፣ ሰፍቷልም። ታኅሣሥ 2014 ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ ከሚያስገባው የንግድ ዕድል፣ ስታስወጣት አንዳንዶቹ ኩባንያዎች ነቅለው ሄዱ፣ እሷም አብራ ከሥራ ወጣች። አሁን ቤቷ አንድ የስፌት መኪና አላት፣ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እናቴ እንደ ልማዷ ድሪቶውን አምጥታ ዘረጋችላት፣ ሳቅ ጠብቃ።

ልጅቷ አልሳቀችም። ተንበረከከች። ጥግ ይዛ በጥፍሯ ስፌቱን ተከተለችው፣ ገለበጠች፣ ገበሩን ሳብ አድርጋ አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ኳሊቲ አያልፍም» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ስፌቱ እኩል አይደለም። ይኸው እዚህ ጋ ጠበቅ፣ እዚህ ጋ ላላ። እዚህ ጋ ደግሞ ሸሽቷል።» ሦስት ቦታ ጣቷን አስቀመጠችልኝ። አሮጊቷ ያላየቻቸው ሦስት ቦታዎች።

ፓርክ እያለች የምትሰፋው ኮሌታ ብቻ ነበር። ጠዋት ኮሌታ፣ ከሰዓት ኮሌታ። ሸሚዙ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል የምታየው በሌላ ሰው እጅ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለዚያ ፓርክ ባወጡት ጥናት የመነሻ ደሞዙ በወር 26 ዶላር ነው ተብሎ ነበር። የኔ ድሪቶ ጥጥ፣ ገበርና ክር የሦስት ወር ደሞዟን በላ ማለት ነው። ይህን አልነገርኳትም። የጠየቀችኝ ሌላ ነው፣ ሸሚዞቹ የየት አገር ናቸው አለችኝ። ስቆርጣቸው ምልክታቸውን አይቼ ነበር። ባንግላዴሽ፣ ቬትናም፣ ሆንዱራስ። «የኛ የለበትም?» አለች። የለበትም አልኳት። ከንፈሯን መጠጠች፣ የዘመድ ፎቶ ፈልጋ እንዳጣች ሰው።

«እና እንዲህ ዓይነቱ እዚያ በስንት ይሸጣል?»

«በእጅ የተሠራ ከሆነ ብዙ መቶ ዶላር ይጠይቁበታል።»

እናቴ ከጓዳ «ስንት?» አለች። ደገምኩላት። ረከቦቱን ይዛ ወጣች፣ ድሪቶው አጠገብ ቆማ እንደ አዲስ አየችው። «እንግዲያው ኮንትራት እንፈራረም፣ እኔ አረጀሁ እንጂ» አለች። ልጅቷ ግን ስልኳን አውጥታ ፎቶ እያነሳች ነበር። አንዱን ዘርፍ በስንዝር ለካችው። ከዚያ የአንዱ ክፍል መሃል ላይ ጣቷን ጫን አድርጋ፣ «ይቺ ቀይዋ ለምንድነው ሁሉም ላይ ያለችው?» አለችኝ።

ያኔ ነው አሮጊቷ ያለችኝ ትዝ ያለኝ። ዘርፎቹ ግድግዳው ናቸው፣ ቀይዋ ምድጃዋ ናት፣ መሃል ቤት የሚነደው እሳት። እንደዚያው ነገርኳቸው።

እናቴ ጀበናውን አስቀመጠች። «ምድጃማ ከሆነ» አለች፣ «ከሰል አላቀጣጥልም፣ ቡናውን እዚያው ላይ ጣዱት።»