ድምፁ ስለተንጫረረ ብቻ ስፒከር አይቀየርም

ወንድሜ፣ «የቪትዝ መኪናዬ ቴፕ ድምፅ ይንጫረራል፤ ስፒከሩ ተቃጥሏልና አራቱንም ቀይር ተባልኩ» ላልከው ነው። እዚህ አዳማም ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ስህተት ነው። ጥቅልል ሽቦው ተቃጥሎ የተበጠሰ ስፒከር ጭራሽ ዝም ይላል እንጂ አይንጫረርም። እባክህ ብርህን ከማውጣትህ በፊት ፈትሽ።

ከቴፑ ላይ ባላንስና ፌደሩን (ድምፁን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ የሚያዞሩትን) ወደየጥጉ እየወሰድክ አራቱንም በየተራ ስማ። ሁሉም እኩል ከተንጫረሩ፣ አራቱም ባንድ ቀን ተበላሹ ማለት የማይመስል ነገር ነው፤ ችግሩን ከቴፑ፣ ከስልኩ ወይም ከዘፈኑ ፋይል ፈልግ። ብሉቱዙን ትተህ በፍላሽ አጫውት፣ ሬዲዮም ክፈት። ቤዙን ዜሮ ላይ መልሰው። ይሄ ዋናው ነው፦ ቴፕ ላይ «50 ዋት በ4» (ለአራቱም ስፒከር ለየአንዳንዳቸው 50 ዋት) ተብሎ ቢጻፍም፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ለአንድ ስፒከር ከ15 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው። ቤዝ ጨምረህ ድምፁን ጫፍ ስታደርሰው ቴፑ አቅም ያጣና የድምፁን ሞገድ አናት ይቆርጠዋል፤ የሚንጫረረውም ለዚህ ነው። አዲስ ስፒከር ብትገጥምም ያው ይንጫረራል።

አንዱ ብቻ ከሆነ የበሩን ሽፋን አውልቅ። ብዙ ጊዜ የላላ ብሎን ወይም የተሰበረ ክሊፕ ነው የሚርገበገበው። ካልሆነ የስፒከሩን ገመድ ነቅለህ ኦሙን (የኤሌክትሪክ መከላከሉን) በመልቲሜትር ለካ፤ የ4 ኦም ስፒከር ከ3 እስከ 4 ኦም ያሳያል። ልኬቱ ደህና ቢሆንም የስፒከሩን ወረቀት በጣትህ ቀስ ብለህ ስትገፋው ከተፋጨ፣ ወይም ዙሪያው ከተቀደደ፣ ያኔ እሱን ቀይር።