ማስተካከያ፦ የካምቦዲያ ሠራተኞችና የሕመም ፈቃድ

ባለፈው "ክመሮች (የካምቦዲያ ሰዎች) እያመማቸው ሥራ የሚገቡት የሕመም ፈቃድ የሚባል ሕግ ስለሌላቸው ነው" ብዬ ጽፌ ነበር፣ ተሳስቻለሁ ይቅርታ። ሕጉማ አለ፣ በፈረንጆቹ 1997 የወጣው የሥራ ሕግ የሐኪም ወረቀት ላመጣ ሰው ውሉ እስከ 6 ወር ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም ይላል። ነገሩ ሌላ ጋ ነው ያለው፣ በተለይ ጋርመንት ፋብሪካ ወሩን ሙሉ ሳይቀር ለገባ 10 ዶላር ቦነስ አለ፣ አንድ ቀን ከቀረህ እሱ ሊቀርብህ ይችላል፣ በዛ ደሞዝ ላይ ደግሞ 10 ዶላር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብዙ ሰው ማታ ጀርባውን በሳንቲም ያስፍቅና (ኮስ ክያል ይሉታል፣ "ንፋሱን" ለማስወጣት ነው፣ የኛን ዋግምት አስታወሰኝ) ጠዋት ማሽኑ ላይ ቁጭ ይላል። "ሲፈጥራቸው ጠንካራ ናቸው" ያልኩትንም ከጽሑፉ ሰርዤዋለሁ።